ትንቢቱ የተፈበረከ ከሆነ፣ ፓውል ወደፊቱን እንዴት ያያል?

ከአንድ አንባቢ የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ሁለቱን አዳዲስ የዱን ፊልሞች አይቼ መጽሐፉን ጀመርኩ። ግራ የገባኝ ነገር አለ። ስለ ፓውል የተነገረውን ትንቢት ቤኔ ጌሰሪቶች ሆን ብለው የፈጠሩት ነው ይባላል። ግን ልጁ የምሩን ወደፊቱን ያያል። ፍሬመኖችንም የምሩን ነጻ ያወጣል። ታዲያ ትንቢቱ እውነት ነው ውሸት? ፓውልስ ጀግና ነው ወይስ አጭበርባሪ?»

ሳይንሳዊ ልብወለድ ሳስተምር ይህ ጥያቄ ሳይነሳ ያለፈበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። መልሱ ግን የመጀመሪያውን መጽሐፍ እስከ መጨረሻው፣ ተከታዮቹንም በከፊል ይነካል። ታሪኩ እንዳይበላሽብዎ ከፈለጉ መጽሐፉን ጨርሰው ይመለሱ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ነገርን ከሥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ታሪኩ የሚካሄደው በአብዛኛው አራኪስ በምትባል በረሃማ ፕላኔት ላይ ነው። ፍሬመኖች የዚያ በረሃ ሕዝብ ናቸው፣ ፓውል ደግሞ ከሌላ ፕላኔት ወደዚያ የመጣ የመኳንንት ልጅ። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ሁለት ነገሮችን እንደ አንድ ስለምናይ ነው። በዱን ውስጥ ስለ ፓውል የተጠነሰሰው ነገር ሁለት ነው። አንዱ ተረት ነው፣ በረሃ ላይ የተዘራ። ሌላው ደግሞ የዘር ማዳቀል ዕቅድ ነው፣ በመኳንንት ቤት ውስጥ የተካሄደ። ሁለቱንም የያዙት ያው ቤኔ ጌሰሪት የሚባሉት እህትማማቾች ናቸው። ግን ለየቅል ዓላማ የተሠሩ ናቸው፣ እንዲገናኙም ማንም አላሰበም። ፓውል የተገኘው ሁለቱ በአጋጣሚ የተጋጩበት ቦታ ላይ ነው።

መጀመሪያ ተረቱን እንይ። ቤኔ ጌሰሪቶች ሚሲዮናሪያ ፕሮቴክቲቫ የሚሉት ክፍል አላቸው። ሥራው ኋላ ቀር ናቸው ብለው በሚያስቧቸው ዓለሞች እየዞሩ አጉል እምነት መዝራት ነው። ለምን ቢሉ፣ ከዘመናት በኋላ አንዲት እህት እዚያ ቦታ ብትቸገር የምትደገፍበት ነገር እንዲኖራት። «ከሌላ ዓለም እናትና ልጅ ይመጣሉ፣ ልጁ ነጻ ያወጣችኋል» የሚለው የአራኪስ ተረት እንዲህ የተቀመጠ የመጠባበቂያ ዕቃ ነው። ፓውልን በስም የሚያውቀው የለም። ተረቱን የዘሩት ሴቶች የሞቱት እሱ ሳይወለድ ከብዙ ዘመን በፊት ነው።

ይህ ተረት እንዴት እንደሚሠራ ለማየት መጽሐፉ መጀመሪያ አካባቢ ያለችውን የሜፕስን ትዕይንት ቀስ ብለው ያንብቡ። ሜፕስ የፍሬመን አሮጊት ናት። ቤቱን ለማገልገል ተቀጥራ ጄሲካ፣ የፓውል እናት፣ ፊት ትቀርባለች። ከልብሷ ውስጥ ከአሸዋ ትል ጥርስ የተሠራ ቢላ ታወጣለች። ይህን ቢላ ባዕድ አይቶት በሕይወት አይሄድም። ጄሲካን «ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» ብላ ትጠይቃታለች። ጄሲካ ፈተና ላይ መሆኗ ገብቷታል። ግን መልሱን አታውቅም። «ሠሪ ነው፣ የሞት ሠሪ» ልትል አስባ «ሠሪ ነው» ከሚለው ላይ ስትደርስ ሜፕስ ጮኸች። ለቅሶም ደስታም የተቀላቀለበት ጩኸት።

ጄሲካ ወዲያው አፏን ዘጋች። ለካ ቁልፉ ቃል ያ ነበር። ፍሬመኖች ግዙፉን የአሸዋ ትል የሚጠሩት «ሠሪ» እያሉ ነው። ግማሽ ዓረፍተ ነገር፣ ያውም በግምት የተጀመረ፣ የትንቢት ፍጻሜ ሆኖ ቁጭ አለ! ቢላውም ሁለት ሥራ ነበረው። ሴትየዋ የተጠበቀችው ከሆነች ስጦታ፣ ካልሆነች መግደያ። እኔ ይህን ቦታ ለተማሪዎቼ ሳነብ ሁልጊዜ የሚስቅ አይጠፋም። ግን ቢላው ትዝ ሲላቸው ሳቁ ይቆማል።

እዚህ ላይ ሜፕስን ሞኝ ማድረግ ቀላል ነው። አይደለችም። ሕዝቧ ለብዙ ትውልድ ሲሳደድ፣ ሲገደል፣ ውሃ ሲነፈገው የኖረ ነው። የሚጠብቀው ነገር ያለው ሰው ደግሞ ምልክት ማየት አያቅተውም። የቤኔ ጌሰሪት ተንኮል የሚሠራውም እዚህ ነው። ተረቱን ሰፋ አድርገው ሰፍተውታል። ማንም ቢለብሰው ልኩ ይሆናል።

ልብስ ካነሳን አይቀር ሁለተኛው ምልክት ራሱ የልብስ ነገር ነው። ፍሬመኖች ላብና ትንፋሽን አጣርቶ ወደ መጠጥ ውሃ የሚመልስ ልብስ ይለብሳሉ። ፓውል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለብሰው ማንም ሳያሳየው ቁርጭምጭሚቱ ጋ እንደ በረሃ ሰው አስተካክሎ አሰረው። የፕላኔቷ አጥኚ ካይንስ ይህን አይቶ ክው አለ። ትንቢቱ «መንገዳችሁን እንደ ተወለደበት ያውቃል» ይል ነበርና። ፓውልን ሲጠይቁት «እንደዚህ መሆኑ ትክክል መስሎኝ ነው» ዓይነት መልስ ሰጠ። ተራ ነገር ነው። ግን ልብ ይበሉ፣ ካይንስ የተማረ ሰው ነው። ሳይንቲስት ነው። እሱም ቢሆን አላመለጠም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንሂድ። ቤኔ ጌሰሪቶች በዘጠና ትውልድ የሚቆጠር የማዳቀል ሥራ ይዘዋል። የዚህን ባል ከዚያ፣ የዚያን ልጅ ከዚህ እያገናኙ ክዊሳትዝ ሃደራክ የሚሉትን አንድ ወንድ ለማግኘት። የእነሱ ሴቶች ማየት የማይችሉትን ቦታ የሚያይ፣ በእነሱ ቁጥጥር ሥር የሚውል ወንድ። ጄሲካ የታዘዘችው ሴት ልጅ እንድትወልድ ነበር። ያቺ ልጅ ለጠላት ቤት ወራሽ፣ ለፈይድ-ራውታ ሃርኮነን ልትዳር፣ የተፈለገው ወንድ ከእነሱ ሊወለድ ነበር። ጄሲካ ግን የምትወደው ሰውዬ ወንድ ልጅ ስለፈለገ ወንድ ወለደችለት። በቃ። የዚያን ሁሉ ዘመን ዕቅድ ያፈረሰው ፍቅር ነው። ፓውል አንድ ትውልድ ቀድሞ መጣ፣ ባልታሰበበት ቤት፣ ባልታሰበበት ጊዜ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዎ ስንመለስ፦ የፓውል ዓይን ከተረቱ የመጣ አይደለም። ከዘሩ ነው፣ እናቱ ከሰጠችው ሥልጠና ነው፣ በአራኪስ አየርና ምግብ ውስጥ ካለው ስፓይስ ከሚባለው ቅመም ነው። ካላዳን በምትባለው ባሕራማ ፕላኔት ሳለ ህልም ያይ ነበር። በረሃው ላይ ሲደርስ ያ ህልም ፈነዳ። ተረቱ ውሸት ነው። ማየቱ እውነት ነው። ችግሩ የማየት ችሎታ ያለው እውነተኛ ልጅ ሰው ሁሉ በውሸት ተረት ተዘጋጅቶ ወደሚጠብቅበት ቦታ መግባቱ ነው። ክብሪትም ነዳጅም በየራሳቸው ቢቀመጡ ምንም አይሆኑም ነበር።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፣ ለአማርኛ አንባቢ ስለሚጣፍጥ። ደራሲው ፍራንክ ኸርበርት ስሞቹን ያመጣው ከሩቅ አይደለም። ክዊሳትዝ ሃደራክ ከዕብራይስጥ የመጣ ነው፣ «የመንገድ ማጠር» ማለት ነው። ፍሬመኖች የሚጠብቁትን ሰው ሊሳን አል-ጋይብ ይሉታል፣ ዓረብኛ ነው። «ሊሳን» ያው የኛው «ልሳን» ነው። ፓውል በኋላ የሚይዘው ሙአድዲብ የሚለው ስም ደግሞ «አደብ» ከምንለው ቃል ሥር የወጣ ነው። አደብ አስያዥ፣ አስተማሪ። እንግሊዝኛ አንባቢ እነዚህን እንደ እንግዳ ድምፅ ያልፋቸዋል። እኛ ግማሹን ሳንተረጉም እንሰማለን።

ማየቱ ራሱ እንዴት እንደሆነም ግልጽ መሆን አለበት። ፊልም አይቶ የመጣ ሰው ፓውል ወደፊቱን እንደ ቴሌቪዥን የሚከፍተው ይመስለዋል። አይደለም። ተራራማ አገር የሚሄድ መንገደኛን ያስቡ። ጫፍ ላይ ሲወጣ ሩቅ ያያል። ሸለቆ ውስጥ ሲገባ ከፊቱ ያለው ዳገት ብቻ ነው የሚታየው። የፓውልም እንዲሁ ነው። አንዳንዴ ሺህ መንገድ ያያል፣ አንዳንዴ ምንም። ጭራሽ የማያያቸው ሰዎችም አሉ። ካውንት ፌንሪንግ የሚባል፣ ለንጉሠ ነገሥቱ ሰው የሚገድል ሰው አለ። እሱም ከዚያው የማዳቀል ሥራ የወጣ፣ ለጥቂት ያልተሳካ ሰው ነው። ፓውል በራእዩ ሁሉ ፌንሪንግን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም። መጨረሻው ላይ እንዲገድለው ሲታዘዝ ፌንሪንግ እምቢ ባይል ኖሮ ታሪኩ እዚያው ባበቃ ነበር። ሁሉን ያውቃል የሚባለው ሰው ሕይወቱን ያተረፈው በማያውቀው ሰው ውሳኔ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደረስን። ጀግና ነው ወይስ አጭበርባሪ?

አባቱ በተገደለ ሌሊት ፓውልና እናቱ በረሃ ላይ ትንሽ ድንኳን ውስጥ ተሸሽገዋል። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። አሸዋው ከላይ ሸፍኗቸዋል። የራእዩ በር የተከፈተው እዚያ ነው። ካያቸው ነገሮች አንዱ በአባቱ ቤት አረንጓዴና ጥቁር ባንዲራ ሥር ዓለማትን የሚያቃጥል ሠራዊት ነው። መጽሐፉ ጂሃድ ይለዋል፣ ፊልሙ ቅዱስ ጦርነት። ያ ሠራዊት የሚምለው በፓውል ስም ነው። ልጁ ይህን አይቶ አልተደሰተም። ደነገጠ። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ መጽሐፉን በሙሉ የሚነዳው አንድ ሐሳብ ነው፦ ይህን ነገር እንዴት ላስቀር?

በዚህ ዓይን የጃሚስን ፍልሚያ ያንብቡ። ለኔ የመጽሐፉ ልብ እሱ ነው፣ የትል ግልቢያውም የመጨረሻው ጦርነትም አይደርስበትም።

ጃሚስ ፍሬመን ነው። እናትና ልጁ የተባሉት ሰዎች መሆናቸውን አላመነም። ጄሲካን በፍልሚያ ልፈትን ይላል። በሕጉ መሠረት ስለሷ የሚዋጋላት ሰው ያስፈልጋል። ፓውል ገባ። ፓውል ቢላ ተምሯል፣ ያውም ከምርጥ ሰዎች። ግን የተማረው በመከላከያ ጋሻ ነው። ያ ጋሻ ፈጣን ምት ይመልሳል፣ ዘገምተኛ ምት ያሳልፋል። ስለዚህ እጁ ሲያጠቃ መጨረሻ ላይ መዘግየት ለምዷል። በረሃ ላይ ጋሻ የለም። ምቱ በዘገየ ቁጥር ጃሚስ ያመልጣል። ዙሪያውን የቆሙት ፍሬመኖች ይህን ሲያዩ ልጁ ጃሚስን እየተጫወተበት መሰላቸው። በጭካኔ። ፓውል ደግሞ ጭራሽ «እጅ ትሰጣለህ?» ብሎ ጠየቀ። ይህ ፍልሚያ በሞት ብቻ እንደሚያልቅ አላወቀም ነበር። ምሕረቱ ስድብ ሆነ። የሥልጠና ልማዱ ክፋት ሆነ። ሰውን ገድሎ የማያውቅ ልጅ በሰዎቹ ዓይን ሞትን እንደ ጨዋታ የሚያይ ሰው ሆኖ ታየ።

ገደለው። እናቱ ቀርባ ምን ብትለው ጥሩ ነው? ነፍሰ ገዳይ መሆን እንዴት ነው ብላ ጠየቀችው። በንቀት ድምፅ። ጨካኝ እናት ሆና አይደለም። መግደል እንዳይጥመው ፈርታ ነው።

ከዚያ ስም ይሰጡታል። ፓውል እየዘለለች የምትሄደውን ትንሽ የበረሃ አይጥ ምን ትሏታላችሁ ብሎ ይጠይቃል። ሙአድዲብ። ክው አለ። በራእዩ ሠራዊቱ የሚጮኸው ስም ይኼው ነው። ስለዚህ ትንሽ ነገር ሞከረ። የአባቴ ቤት የሰጠኝን ስም አልተውም፣ ፓውል ሙአድዲብ በሉኝ አለ። በልቡም ይህ በየትኛውም ራእዬ ውስጥ አልነበረም፣ የተለየ ነገር አደረግኩ ብሎ አሰበ።

ይቺን ቦታ ሳነብ ሁሌ ሆዴ ይንቦጫቦጫል። አንድ ልጅ የዓለማትን እልቂት ሊያስቀር በእጁ ያለው መሣሪያ አንዲት ተጨማሪ ቃል ናት። ግን ወዲያው ሌላ ነገር ይገባዋል። እሱ አሁን ቢሞት እንኳ ነገሩ በእናቱና በማህፀኗ ባለችው እህቱ በኩል ይቀጥላል። የሚቆመው እዚያ ዋሻ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ እሱና እናቱም ጭምር፣ አሁኑኑ ቢሞት ብቻ ነው። ይህን የሚያስበው ሰዎቹ ፈገግ እያሉ ስም እየሰጡት ባለበት ሰዓት ነው።

ቀጥሎ የጃሚስ የስንብት ሥርዓት ይመጣል። ፍሬመኖች የሟችን ውሃ ለነገዱ ይመልሳሉ፣ ከሰውነቱ አውጥተው። የጃሚስ ውሃ ከ33 ሊትር ትንሽ ይበልጣል፣ በጠብታ ተለክቶ ለፓውል ተሰጠ፣ ያሸነፈ እሱ ነውና። የጃሚስ ሚስትና ልጆችም በእሱ ኃላፊነት ሥር ወደቁ። ወዳጆቹ አንድ በአንድ እየተነሱ «እኔ የጃሚስ ወዳጅ ነበርኩ» ይላሉ። ፓውልም ተነሳና ያንኑ አለ። ድምፁ ተቆረጠ፣ እንባው ወረደ። ዋሻው ጸጥ አለ። ከዚያ ሹክሹክታ፦ ለሟች ውሃ ሰጠ! ጠብታ በሚቆጠርበት ቦታ ማልቀስ ከስጦታ ሁሉ በላይ ነው። ፓውል ግን ስጦታ መስጠቱ አልነበረም። ልጅ ነው፣ ሰው ገደለ፣ አለቀሰ። ጣታቸውን ሰደው ጉንጩን ነኩት።

ያየነው ነገር ሁሉ ተመሳሳይ ነው። የጄሲካ ግማሽ ቃል፣ የቁርጭምጭሚቱ አስተሳሰር፣ የዘገየው ቢላ፣ እንባው። አንዱም ማታለል አይደለም። ሁሉም ተረቱ ውስጥ ሲገባ ተአምር ሆነ። ስለዚህ «አጭበርባሪ ነው» የሚለውን እዚህ ድረስ አልቀበልም።

በኋላስ? በኋላ ነገሩ ይለወጣል። ፓውልና እናቱ ተረቱ ከየት እንደመጣ አብጠርጥረው ያውቃሉ። ጄሲካ ሆን ብላ ትጠቀምበታለች፣ የነገዱ የሃይማኖት እናት ትሆናለች። ፓውልም ያለ ተረቱ ሠራዊት እንደማያገኝ፣ ያለ ሠራዊት የአባቱን ገዳዮች እንደማይበቀል ገብቶታል። የሚያውቀውን ውሸት አላስተባበለም። እዚህ ላይ ተጠያቂ ነው፣ እኔ በበኩሌ አልለቀውም። ፍርዴ ይህ ነው፦ ውሸቱን አልፈጠረም፣ ግን ወረሰው፣ ወርሶም ነገደበት።

ዋጋውን ቀድሞ የከፈለው ስቲልጋር ነው። ስቲልጋር የነገዱ መሪ ነው፣ ብልህ፣ ቀልደኛ፣ ልጁን በረሃ ላይ ያስጠለለ ሰው። በባህሉ ፓውል መሪ ለመሆን ስቲልጋርን መግደል ነበረበት። ፓውል እምቢ አለ። ቀኝ እጄን ቆርጬ ልጣል ወይ ዓይነት ነገር ተናገረ፣ ሰዉንም አሳመነ። መልካም። ግን መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል ፓውል ቀና ብሎ ስቲልጋርን ያየዋል። ያ ወዳጁ የለም። በቦታው የቆመው በአድናቆት የፈዘዘ አማኝ ነው። ከሞት አተረፈው፣ ሰውዬውን ግን አጣው። ልብ ካሉ በሁለተኛው ፊልም ላይ ስቲልጋር በሄደ ቁጥር «እንደ ተጻፈው!» እያለ ሲያስቅ ይቆይና በመጨረሻ የማያስቅበት ሰዓት ይመጣል።

ከፈይድ-ራውታ ጋር ወደ መጨረሻው ፍልሚያ ሲገባም ፓውል እንዳበቃለት ያውቃል። ቢሞት «ነፍሱ እንድትመራን ራሱን ሠዋ» ይላሉ። ቢያሸንፍ «ሙአድዲብን የሚችለው የለም» ይላሉ። ጦርነቱ በሁለቱም መንገድ ይመጣል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይሉ የለ? እህትማማቾቹ እንደ ቀላል ነገር የዘሩት ተረት አሁን የራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ከዙፋን ገለበጠ፣ እነሱንም አስደነገጠ።

«ፍሬመኖችን ነጻ ያወጣል» ብለዋል። ለጊዜው አዎ። ግን ሁለተኛውን መጽሐፍ፣ 1969 ላይ የወጣውን፣ ሲከፍቱ ዐሥራ ሁለት ዓመት አልፏል። ፓውል ራሱ ሒሳቡን ይናገራል፦ በትንሹ 61 ቢሊዮን ሰው ሞቷል፣ 90 ፕላኔቶች ባድማ ሆነዋል። የበረሃ ልጆች የነበሩት ፍሬመኖች የሌላ ሰው አገር ወራሪ ሆነዋል። አብረውት የዘመቱት ፍሬመኖች ከፊሎቹ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ከፊሎቹ ልባቸው መርሮ ተመልሰዋል። አረንጓዴ ሜዳ የማየት ህልማቸውም ይሳካል፣ ግን ውሃ ለአሸዋ ትሉ መርዝ ነው። ትሉ ከሌለ ቅመሙ የለም፣ በረሃው ከሌለ ፍሬመን የለም። 1981 ላይ በወጣው አራተኛ መጽሐፍ፣ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የቀሩት «የሙዚየም ፍሬመን» የሚባሉ፣ የአያቶቻቸውን ሥርዓት ትርጉሙ ጠፍቷቸው የሚደግሙ ሰዎች ናቸው። የ1984ቱ ፊልም መጨረሻው ላይ ዝናብ እንዲዘንብ ያደረገው ለዚህ ነው የመጽሐፉን ወዳጆች ያበሳጨው። ፓውልን እውነተኛ አምላክ አድርጎት ቁጭ!

ለነገሩ አንባቢዎች ከጥንትም ፓውልን እንደ ንጹሕ ጀግና ነው የወሰዱት። ታሪኩ መጀመሪያ ከ1963 መጨረሻ ጀምሮ አናሎግ በሚባል መጽሔት በተከታታይ ወጣ። ከሃያ የማያንሱ አሳታሚዎች ከመለሱት በኋላ 1965 ላይ በመጽሐፍ ያተመው ቺልተን ነው፣ በመኪና ጥገና መጻሕፍት የሚታወቅ ቤት። የአናሎጉ አዘጋጅ ጆን ካምፕቤል የመጀመሪያውን ታሪክ ወዶ ሳለ ሁለተኛውን አላትምም አለ። ጀግናው ሲወድቅ ማየት አልፈለገም። ሌላ መጽሔት አወጣው። ኸርበርት ግን እስከ ዕለተ ሞቱ፣ 1986፣ ሲያስረዳ የኖረው መጽሐፉ ልዩ ሰው ሲመጣ እጅ ስለመስጠት ማስጠንቀቂያ መሆኑን ነው።

የ2024ቱ ፊልም ዳይሬክተር ይህ ነገር እንዳይዘነጋ የወሰደው እርምጃ የፓውልን ፍሬመን ፍቅረኛ፣ ቻኒን፣ መቀየር ነው። በመጽሐፉ ቻኒ ተረቱን አትቃወምም፣ ከፓውል ጎን ትቆያለች፣ ልጅም ወልደው ይሞትባቸዋል። በፊልሙ ግን የማታምነው፣ የምትናደደው እሷ ናት፣ በመጨረሻም ትታው ትሄዳለች። መጽሐፉ በፓውል ልብ ውስጥ የሚያስቀምጠውን ፍርሃት ፊልሙ በቻኒ ፊት ላይ አስቀመጠው። እኔ ወድጄዋለሁ፣ ምንም እንኳ የመጽሐፏን ቻኒ ባጣት።

ስለ ማየት የጠየቁት ግን ሙሉ መልሱን የሚያገኘው ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ነው። ፓውል በፍንዳታ ዓይኑ ይጠፋል። ግን ይሄዳል፣ ሰው ያውቃል፣ ደረጃ ይወጣል። እያንዳንዷን ሰከንድ አስቀድሞ በራእይ ስላየ፣ ያንን እየተከተለ። ሰው ሁሉ ተአምር ይላል። እሱ ግን ከራእዩ አንዲት እርምጃ ዝንፍ ቢል ይታወራል። ቻኒ በወሊድ እንደምትሞት አይቷል፣ ወደዚያው ቀን እያየ ይራመዳል። ከሞተች በኋላ ራእዩ ተቋረጠ። የምሩን ዕውር ሆነ። ፍሬመኖች ደግሞ ዓይነ ስውርን ለበረሃ ይሰጣሉ። በዙፋኑ ላይ የተቀመጠው ፓውል ሕጉን አክብሮ ብቻውን ወደ አሸዋው ወጣ።

ገና እያነበቡ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በየምዕራፉ አናት ላይ ያሉትን አጫጭር ጥቅሶች አይዝለሏቸው። ብዙ ሰው ይዘላቸዋል። አብዛኞቹ ልዕልት ኢሩላን ስለ ሙአድዲብ ከጻፈቻቸው መጻሕፍት የተወሰዱ ናቸው። ፓውል ገና ካላዳን ላይ አልጋው ውስጥ ተኝቶ ሳለ፣ ከላዩ ላይ ስለሱ የተጻፈ ገድል እያነበብን ነው። ኢሩላንን በአካል የምናገኛት መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል ነው፣ የተሸነፈው ንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆና። ፓውል ለዙፋኑ ሲል ያገባታል፣ ለቻኒም ኢሩላንን እንደማይነካት እዚያው ይምልላታል። ስለ ፓውል የምናነበውን ቅዱስ ታሪክ የጻፈችው ያቺ ሴት ናት።